ከውፍረት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ የዕለት ምግብና የምሽት መክሰስ

መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የ38 ዓመት ሴት በተደጋጋሚ ትውከት ምክንያት ወደምሠራበት ክፍል ተልካ መጣች። ትሠራበት በነበረው የዐረብ አገር ጨጓራን የሚያጠብ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ገና ሁለት ወር አልሞላትም። ዐቢይ ጾምን ከቤተሰቧ ጋር ለማሳለፍ ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል የቀመሰችውን ሁሉ ስታስመልስ ቆይታለች። አስቀድማ በሄደችበት የጤና ተቋም ሕመሙ “ጨጓራ ነው” ተብሎ የአሲድ መቀነሻ ታዘዘላት፤ ድካሟ ሲበረታም ግሉኮስ በደም ሥር ተሰጣት። በማግሥቱ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያት፣ ስትራመድም ያንገዳግዳት ጀመር። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት እንደሆነ የጠየቃት ባለሙያ አልነበረም፤ እርሷም ስለ ውፍረቷ እንዳይነሳባት ስለፈለገች ዝም ብላለች።

ቀዶ ሕክምናውን በውጭ አገር አድርገው ክትትሉን በአገር ቤት የሚፈልጉ ወገኖች ወደየትኛውም ጤና ጣቢያ ሊመጡ ይችላሉ። ስለሆነም እነዚህ ታካሚዎች ምን፣ መቼና እንዴት መመገብ እንዳለባቸው ማወቅ የቀዶ ሐኪሙ ብቻ ሳይሆን የማንኛውም የጤና ባለሙያ ድርሻ ነው። በዚህ ጽሑፍ በተለይ የምሽቱን ሰዓት እንመለከታለን፤ ብዙው ስሕተት የሚፈጸመው በዚያ ሰዓት ነውና።

በሆድ ዕቃ ውስጥ የተለወጠው

በስፋት ከሚሠሩት ዘዴዎች አንዱ ስሊቭ ጋስትሬክቶሚ ነው። በዚህ ዘዴ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣና ቀሪው ጠባብ ቱቦ ይሆናል። የረሃብን ስሜት የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለ ሆርሞን በብዛት የሚመነጭበት ክፍል አብሮ ስለሚወጣ ታካሚው ለወራት ረሃብ ላይሰማው ይችላል።

ሁለተኛው ሩ-ኤን-ዋይ ጋስትሪክ ባይፓስ ሲሆን፣ ከጨጓራው አናት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ተለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ይያያዛል። ምግቡ አብዛኛውን ጨጓራ፣ ዱዎዲነምንና የጀጁነምን መጀመሪያ ስለሚዘል የብረት፣ የካልሲየምና የቪታሚን ቢ-12 ምጠት ይቀንሳል።

በሁለቱም ዘዴዎች ታካሚው የሚችለው የምግብ መጠን ጥቂት ነው። በመሆኑም እያንዳንዱ ጉርሻ ዋጋ ያለው ምግብ መሆን ይኖርበታል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

አመጋገቡ በደረጃ ያድጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥሩ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ እስከ ሁለተኛው ሳምንት ድረስ እንደ ወተትና የተጣራ ሾርባ ያለ ፈሳሽ ምግብ፣ ከዚያ የተፈጨና የላመ፣ በኋላም ለስላሳ ምግብ ይሰጣል። ወደ መደበኛ ምግብ የሚመለሱት ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው ሐኪም የሰጠው መመሪያ ካለ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእርሱ ነው።

የገበታው ሥርዓት

ለአዋቂ ታካሚ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወይም 200 ሚሊ ሊትር ወተት ከ6 እስከ 7 ግራም፣ 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም፣ 100 ግራም አይብ 14 ግራም ገደማ፣ 100 ግራም የበሰለ ዓሣ ወይም ዶሮ ከ20 እስከ 30 ግራም ፕሮቲን ይሰጣሉ። ታካሚው በአንድ ማዕድ 15 ግራም ያህል ቢወስድ ከሦስት ማዕድ የሚያገኘው 45 ግራም ብቻ ነው። የጎደለውን 15 ግራም የሚሞሉት የቀንና የምሽት መክሰሶች ናቸው። እንግዲህ መክሰስ በዕቅድ ሲወሰድ የሕክምናው አካል እንጂ ቅንጦት አይደለም።

በባህላችን አንድ ገበታ ከብቦ መብላት የተለመደ በመሆኑ የተበላውን መጠን ማወቅ ያዳግታል። “በሞቴ” ተብሎ የሚሰጥ ጉርሻም ትልቅ ነው፤ ሳይደቅም ይዋጣል። ስለዚህ ለታካሚው በትንሽ ሳህን ለብቻው እንዲቀርብለት፣ ወጡን በማንኪያ አስቀድሞ እንዲመገብና እንጀራውን ወደ መጨረሻ ጥቂት ብቻ እንዲወስድ እንመክራለን። አንዱን ማዕድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ወስዶ፣ አላምጦ መብላት፣ እንደጠገበም ማቆም ያስፈልጋል። ውሃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ከተበላ 30 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ግን ጥቂት በጥቂት እየተጎነጩ በቀን ቢያንስ 1.5 ሊትር ፈሳሽ መውሰድ ይገባል።

የቤተሰቡ አባላት በተለይም ምግብ የሚያዘጋጁት በምክሩ ጊዜ ቢገኙ መልካም ነው። እንግዳን አለማስገደድ ነውር የሚመስላቸው ዘመዶች ምክንያቱ ሲገለጽላቸው ይረዳሉ።

የምሽት መክሰስ

የብዙዎቻችን እራት ዘግይቶና ከብዶ የሚቀርብ ሲሆን ተከትሎት መኝታ ይመጣል። የስሊቭ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ሰው ይህ ልማድ የአሲድ ወደ ላይ መመለስን ያባብሳል። ስለዚህ መክሰስ በ10 ሰዓት፣ እራት በምሽቱ 1 ሰዓት፣ ካስፈለገም ሌላ ቀላል መክሰስ በ3 ሰዓት ቢሆንና መኝታው ከ5 ሰዓት ወዲህ ባይሆን ይመረጣል። ከመጨረሻው ምግብ እስከ መኝታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ሊኖር ይገባል።

ለምሽት የሚስማሙት ፕሮቲን ያላቸውና መጠናቸው አስቀድሞ የተለካ ምግቦች ናቸው፤ አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ግማሽ ብርጭቆ ስኳር የሌለው እርጎ፣ ጥቂት አይብ በላመ ጎመን፣ ቀጠን ብሎ የተሠራ ሽሮ፣ ወይም ልጣጩ ተገፎ የደቀቀ የሽምብራ ንፍሮ ሊሆኑ ይችላሉ።

ብስኩት፣ ኬክ፣ የድንች ጥብስና ስኳር የበዛበት ሻይ ግን በጠበበው ጨጓራ በቀላሉ ስለሚያልፉ ጥጋብ ሳይሰጡ ብዙ ኃይል ያስገባሉ። ቆሎ ደረቅና ጠንካራ በመሆኑ በመጀመሪያዎቹ ወራት አይፈቀድም፤ በኋላም ቢሆን ከሰፌዱ እየዘገኑ ሳይሆን በትንሽ ስኒ ለክተው፣ በደንብ አላምጠው ሊበሉት ይገባል። ከቡናው ሥነ ሥርዓት መለየት አያስፈልግም፤ ስኳሩንና ፈንዲሻውን መተው ይበቃል። ቴሌቪዥን እየተመለከቱ ሳይራቡ ጥቂት በጥቂት ሲቃምሱ ማምሸት ከዓመታት በኋላ ለሚታየው የክብደት መመለስ አንዱ መንገድ ነው። አልኮልም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፈጥኖ ወደ ደም ስለሚገባ ጥቂቱ ብዙ ያሰክራል።

ከምግብ በኋላ የሚመጣ ላብና መንቀጥቀጥ

ጣፋጭ ምግብ በፍጥነት ወደ አንጀት ሲወርድ፣ በተለይ ከባይፓስ በኋላ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ የልብ ምት መጨመርና ማዞር ሊከተል ይችላል። ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ የሚመጣው ግን ኢንሱሊን ከመጠን በላይ በመመንጨቱ የሚከሰት የደም ስኳር ማነስ ነው። ለቅጽበቱ የደም ስኳሩን መለካትና ማስተካከል ተገቢ ነው፤ ዘላቂው መፍትሔ ግን ጣፋጩን በፕሮቲን መተካት ነው። አለዚያ ስኳር ማነሱን፣ ማነሱም ስኳርን እየጠራ ታካሚው ሌሊቱን ሲበላ ያድራል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የሚወስደው ኢንሱሊንና ሰልፎኒልዩሪያ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንደገና መመጠን እንደሚኖርበትም አይዘነጋ።

ጾም

እስከ ቀትር በኋላ ከምግብና ከውሃ ተከልክሎ፣ በአንድ ጊዜ በሚቀርብ ማዕድ ላይ 60 ግራም ፕሮቲንና 1.5 ሊትር ፈሳሽ ማሟላት ለእነዚህ ታካሚዎች ፈጽሞ አይቻልም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህን መሰሉን ጾም አንመክርም። ታካሚው ከነፍስ አባቱ ጋር እንዲመክር ማበረታታት “አትጹም” ብሎ ከማዘዝ ይሻላል። ለሙስሊም ታካሚዎችም ሃይማኖታቸው ሕመምተኛን ከጾም እንደሚያሳርፍ ማስታወስ ይቻላል። ቆይቶ የሚጾም ታካሚ በኢፍጣር ጊዜ በርከት ያለ ተምርና ሳምቡሳ ከሚወስድ በሾርባና በፕሮቲን ቢጀምር ይሻለዋል። ሰዓት ሳይጠብቁ የጾም ምግብ ብቻ የሚመገቡ ደግሞ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አኩሪ አተርን አዘውትረው፣ ቪታሚን ቢ-12ንም ሳያቋርጡ ሊወስዱ ይገባል።

ዕድሜ ልክ የሚወሰዱ ቪታሚኖችና ማዕድናት

ምግቡ የቱንም ያህል ቢስተካከል ብቻውን አይበቃም። ባለ ብዙ ቪታሚን እንክብል ቢያንስ 12 ሚሊግራም ቲያሚን ያለው፣ ካልሲየም በቀን ከ1,200 እስከ 1,500 ሚሊግራም፣ ቪታሚን ዲ 3,000 ዩኒት፣ ቪታሚን ቢ-12 በአፍ በቀን ከ350 እስከ 1,000 ማይክሮግራም ወይም በጡንቻ በወር 1,000 ማይክሮግራም፣ ብረት ደግሞ የወር አበባ ለሚያዩ ሴቶች በቀን ከ45 እስከ 60 ሚሊግራም ይመከራል። ብረትና ካልሲየም ቢያንስ በ2 ሰዓት ተራርቀው ይወሰዳሉ። እንደ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች በተለይ ከባይፓስ በኋላ ቁስለት ስለሚያመጡ አይታዘዙ። ሴቶችም ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝናን እንዲያዘገዩ ይመከራሉ።

ትውከት ሲደጋገም

ሰውነት የሚያከማቸው ቲያሚን ለ2 እስከ 3 ሳምንት ብቻ ይበቃል። ሳያቋርጥ የሚያስመልስ ታካሚ በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ቬርኒከ ኢንሴፋሎፓቲ ለተባለ የአንጎል ጉዳት ሊጋለጥ ይችላል። የዓይን እንቅስቃሴ መዛባት፣ ሲራመዱ መንገዳገድና የአእምሮ መደናገር ምልክቶቹ ናቸው፤ ሦስቱ አብረው እስኪታዩ ግን መጠበቅ አይገባም። የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ በደም ሥር ከ200 እስከ 500 ሚሊግራም ቲያሚን ይጀመራል፤ ግሉኮስ የሚሰጥ ከሆነም ቲያሚኑ ይቅደም። የደም ስኳር ማነስ ካለ ሁለቱ በአንድነት ይሰጣሉ እንጂ ግሉኮሱ አይዘገይም። ጎን ለጎንም የጨጓራው መውጫ ጠቦ እንደሆነ ለማጣራት ታካሚው ወደ ቀዶ ሐኪም ይላካል።

በመግቢያችን ላይ የጠቀስናት ታካሚ ቲያሚን በደም ሥር ከተሰጣት በኋላ የዓይኗ እንቅስቃሴ በቀናት ውስጥ ተስተካከለ። ያለ ድጋፍ ለመራመድ ግን ወራት ፈጅቶባታል።

ማጠቃለያ

የሚያስመልስ፣ የደከመ ወይም ክብደቱ በፍጥነት የቀነሰ አዋቂ ሲመጣ “በሆድህ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልህ ያውቃል?”፣ “ትናንት ከጧት እስከ መኝታ ምን በላህ?”፣ “ቪታሚንህን ትወስዳለህ?” ብለን በአክብሮትና ያለ ነቀፋ እንጠይቅ። እነዚህን ለመጠየቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ያቺ ታካሚ በመጀመሪያው ቀን ብትጠየቅ ኖሮ በእግሯ እንደመጣች በእግሯ በተመለሰች ነበር።