ዘውድ ያለበት ሰዓት

መቱ ውስጥ ቡና የሚነግድ ወዳጄ ባለፈው ክረምት ከእናቱ ሳጥን ያገኘውን የእጅ ሰዓት በመሀረብ ጠቅልሎ አመጣልኝ። የአባቱ ነበር፤ በእጅ የሚሞላ፣ የስዊዘርላንድ ሥራ። ከ12 ቁጥር ሥር ትንሽ ዘውድ፣ ከዘውዱ ሥር «ቀ.ኃ.ሥ.» የሚሉ ፊደላት አሉት። «አዲስ አበባ የሚገዛ ሰው አለ ይሉኛል። ልሽጠው?» አለኝ።

እንዲህ ያሉ ሰዓቶች የስጦታ ሰዓቶች ናቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ላገለገላቸው፣ ላስደሰታቸው ወይም በእንግድነት ለመጣ ሰው ሰዓት መስጠት ይወዱ ነበር። የስዊዘርላንድ ሰዓት ሠሪዎችም በፊቱ ላይ የንጉሡን ምልክት እያሳረፉ ይልኩላቸው ነበር። ኢሉባቦር ውስጥ መገኘቱም አያስገርምም። የአስተዳደሩ መቀመጫ ወደ መቱ ከመዛወሩ በፊት ከዚህ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጎሬ የጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ነበረች። ቡና በጋምቤላና በባሮ ወንዝ በኩል ወደ ሱዳን ሲወርድ የውጭ ነጋዴዎችና ቆንስሎች የሚኖሩባት፣ ሹማምንት የሚመላለሱባት ከተማ ነበረች። ሽልማት ያገኘ ሰው አይጠፋባትም።

የነዚህ ሰዓቶች ስም የናኘው ግን በአንድ የወርቅ ሰዓት ምክንያት ነው። ጃንሆይ በ1947 ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ የተበረከተላቸው የፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት በኅዳር 2010 ጄኔቫ ላይ በጨረታ ወደ 3 ሚሊዮን በሚጠጋ የስዊስ ፍራንክ ተሸጧል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎም ለጨረታ ቀርቦ የባለቤትነት ጥያቄ ስለተነሳበት ተመልሶ ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ ሳጥኑን መፈተሽ ጀመረ። ያኛው ግን የንጉሡ የራሳቸው ነው፤ የወዳጄ ሰዓት ደግሞ ብረት ነው፣ እሳቸው ለሌላ ሰው የሰጡት። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ራስን ማታለል ነው።

ለማንኛውም እንዲህ ያለ ሰዓት ገበያ ሳይወጣ መመርመር አለበት። ሰዓት ሠሪ ዘንድ ጀርባውን ማስከፈት ነው። ወርቅ ከሆነ «0.750» የሚል ቁጥርና የሴት ራስ ምስል ያለበት ማኅተም ይታያል፤ የስዊዘርላንድ የ18 ካራት ምልክት ነበር። ከዚያ ፊቱን በማጉያ ማየት። ዘውድ በተራ ሰዓት ላይ በኋላ ሊታተም ይችላል። ቁጥሮቹ ቢጫ ሆነው ዘውዱ ብቻ እንደ ትናንት የሚያበራ ከሆነ እኔ ገንዘቤን አላወጣበትም። ከመሸጥ በፊት «ላሳምረው» ብሎ ማስወልወልና ፊቱን ማስቀባት ደግሞ ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት ነው። ሰብሳቢ የሚፈልገው ያረጀውን ነው።

የወዳጄ ሰዓት ዘውዱም ቁጥሮቹም እኩል አርጅተዋል። ግን በዘውዱ ላይ ሁለት ቀጫጭን ጭረቶች አሉ፤ መስተዋቱም ጠርዙ ላይ ተነቃቅሏል። እናቱን ጠየቅናቸው። «ያኔ ነዋ፣ በ67» አሉ። «ንጉሡ ከወረዱ በኋላ የእሳቸው ነገር የተገኘበት ሰው ይፈራ ነበር። አባትህ መስተዋቱን በቢላ ጫፍ አስነስቶ በምላጭ መፋቅ ጀመረ። ሁለት ጊዜ ጫር አደረገና አቃተው። በጨርቅ ጠቅልሎ፣ አስቀምጪው አለኝ።» መስተዋቱ ከዚያ በኋላ በደንብ ስላልገጠመ የኢሉባቦር እርጥበት ገብቶ ፊቱን አዥጎርጉሮታል።

ገዢ ይህን ሲያይ ዋጋ ይቀንሳል፤ ጭረት ነው፣ ነጠብጣብ ነው ይላል። ለእኔ ግን የሰዓቱ ትልቁ ነገር ያ ጭረት ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፦ ታሪኩ የተጻፈለት ሰዓት ነው ዋጋ የሚያወጣው፣ ለቤተሰቡ የማይሸጠውም እሱው ነው። ታሪክ የሌለው፣ ከማን እንደመጣ የማይታወቅ ሰዓት ቤት ውስጥ ካለ ያለ ጸጸት ይሸጥ። ልጅ ታሞ፣ ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ የትኛውም ይሸጥ፤ ሰዓት ለሰው ነው። ለበዓል በግ መግዣ ግን አይሸጥም።

አንድ ነገር ልጨምር። «ውጭ ላለ ዘመዴ ልስደደውና እዚያ ይሽጥልኝ» የሚል አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። የቤተ መንግሥት ምልክት ያለበት ዕቃ በሻንጣ ከመግባቱ በፊት የዞኑን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይበጃል።

ወዳጄ አልሸጠም። እናቱ የነገሩንን በደብተር ጽፎ ከሰዓቱ ጋር አስቀምጧል፤ መስተዋቱንም አስገጥሞታል፣ ፊቱን ሳያስነካ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ 12 ላይ አድርጎ ይሞላዋል። በቀን አምስት ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል።