«ልጄ አልበላ አለኝ»
ጉርሻ የፍቅር እንጂ የግዴታ አይሁን

«ልጄ አልበላ አለኝ» የሚለው ሮሮ ከእናቶች አንደበት ጠፍቶ አያውቅም። አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ የሰጡትን ሁሉ ይጎርስ የነበረ ልጅ መሄድና መናገር ሲጀምር ፊቱን ያዞራል፤ ከንፈሩን ግጥም ያደርጋል፤ ያጎረሱትን ይተፋል። ትናንት የወደደውን ምስር ዛሬ አያይም። ጎመን ሲቀርብለት ያለቅሳል። ብስኩትና ወተት ሲሆን ግን እጁን ይዘረጋል። እናት ትጨነቃለች። አያት «እንጥሉ ወርዶ ይሆናል» ይላሉ። አባት «ይዛችሁ ስጡት» ብሎ ይወጣል። በመሐል ማዕዱ የዕለት ተዕለት ጦርነት ይሆናል።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በፉሪና መሰል ሰፈሮች የሚኖሩ ወላጆች ይህንን በሚገባ ያውቁታል። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ግቢ ተከራይቶ በሚኖርበት አካባቢ የልጅ ለቅሶ ጎረቤት ያሰባስባል። «አይዞህ» ባዩ ሁሉ ብስኩት ወይም ከረሜላ ያስይዘዋል። ከግቢው በር ወጣ ሲሉ ደግሞ ሱቅ አለ፤ በሱቁ መስኮት ቺፕሱ፣ የታሸገ ጁሱና ለስላሳው ይታያል። ምሳ ሲደርስ ልጁ አይርበውም። እኛም «አልበላ አለ» እንላለን።

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በአገራችን ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 37 ከመቶ የሚሆኑት ቀንጭረዋል፤ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው በታች ነው። በ1992 ዓ.ም. ቁጥሩ 58 ከመቶ ነበርና መሻሻሉ አልሐምዱሊላህ የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ ከ3 ሕፃናት ከ1 በላይ ማለት ዛሬም ብዙ ነው። ለዚህ ድህነትና ሕመም ትልቅ ድርሻ ቢኖራቸውም፣ ምግብ ባለበት ቤት ልጁ አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ እየበላ ሲያድግ ጉዳቱ ይከተላል።

ለምን እምቢ ይላል?

በመጀመሪያ ደረጃ ወላጆች ሊያውቁት የሚገባው፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የልጅ የምግብ ፍላጎት በተፈጥሮው የሚቀንስ መሆኑን ነው። ሕፃን በአንደኛው ዓመት ሲወለድ የነበረውን ክብደት 3 እጥፍ ያደርሳል። በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጨምረው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ዕድገቱ ሲረጋጋ ሆዱም የሚጠይቀው ይቀንሳል። ከዚህም ሌላ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ያላወቀውን ምግብ መፍራቱ የተለመደ ነው። አንድን አዲስ ምግብ ለመቀበል 10 ጊዜና ከዚያም በላይ ማየትና መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። እኛ ግን ሁለቴ ሞክረን «አይወድም» ብለን እንዘጋዋለን።

ሌላው ምክንያት የወተት መብዛት ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነው ልጅ የላም ወተት ጠቃሚ ነው፤ ይሁንና በውስጡ ያለው የብረት ማዕድን በጣም ጥቂት ነው። ቀኑን ሙሉ ጡጦ የሚጠባ ልጅ ሆዱ ይሞላል፤ ደሙ ግን ያንሳል። በቀን ከግማሽ ሊትር ባይበልጥ ይመረጣል። ሻይም እንዲሁ በምግብ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚከለክል፣ «ሻይ በዳቦ» ለትንሽ ልጅ ቁርስ አይሆንም።

የወላጅ ድርሻና የልጅ ድርሻ

ክላራ ዴቪስ የተባለች አሜሪካዊት የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምራ ያደረገችው ሙከራ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ጡት ለጣሉ 15 ሕፃናት ከእህል፣ ከስጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተት፣ ከአትክልትና ከፍራፍሬ የተውጣጡ 34 ዓይነት ምግቦች ተመረጡ። ከነዚህም በየማዕዱ የተለያዩ ዓይነቶች ይቀርቡ ነበር። አስታማሚዎቹ ልጁ በጣቱ ያመለከተውን ከመስጠት በስተቀር «ብላ» ወይም «አትብላ» አይሉም። የአንዱ ልጅ አበላል ከሌላው አይመሳሰልም፤ አንድ ቀን እንዲህ፣ በማግስቱ እንዲያ ይበላሉ። ሆኖም ሁሉም በሚገባ አደጉ። ሐኪሟ እንዳስረዳችው ምሥጢሩ ከምግቦቹ ምርጫ ላይ ነበር፤ ስኳርና ጣፋጭ ከመካከላቸው አልነበረምና።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚቀርብ የወላጅ ኃላፊነት ነው። ከቀረበው ውስጥ ምን ያህል እንደሚበላ መወሰን ግን የልጁ ድርሻ ነው። እኛ ብዙውን ጊዜ እናገላብጠዋለን፤ የሚቀርበውን ልጁ ይመርጣል፣ መጠኑን እኛ እናስገድዳለን። በተለይ ልጅን አስተኝቶ አጥሚትና ወተት በእፍኝ መጋት ምግቡ ወደ ሳንባ ገብቶ ለሞት ሊያደርስ የሚችል ልማድ ነው። «አልበላም ስላለ» እንጥል ማስቆረጥም ደም መፍሰስንና መመረዝን የሚያስከትል ጎጂ ድርጊት በመሆኑ ሊቀር ይገባዋል።

ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማዕድ

በዲናችንም ለዚህ መመሪያ አናጣም። ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 233 ስለ ጡት ማጥባት ሁለት ሙሉ ዓመት ሲጠቅስ፣ ልጅን ከጡት መለየት ደግሞ በእናትና አባት መመካከር እንዲሆን ያመለክታል። ስለዚህ የልጅ አመጋገብ የእናት ጣጣ ብቻ ሳይሆን አባትም የሚመክርበት ጉዳይ ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምግብን አነውረው እንደማያውቁ፣ ከወደዱት እንደሚበሉ፣ ካልወደዱት እንደሚተዉት በሐዲስ ተዘግቧል። በእርሳቸው ቤት ያደገው ዑመር ኢብን አቢ ሰለማህ ልጅ ሳለ እጁ በሣህኑ ዙሪያ ይንከራተት ነበር። ነቢዩም ቢስሚላህ እንዲል፣ በቀኙና ከፊቱ ካለው እንዲበላ በለዘበ ቃል አስተማሩት፤ እርሱም ከዚያ በኋላ አበላሉ እንደዚያው ሆኖ መቅረቱን ተናግሯል። ልብ እንበል፤ ልጁ የተማረው ለብቻው ተይዞ ሳይሆን ከታላቅ ጋር በአንድ ማዕድ ቀርቦ ነው።

በየዕለቱ ምን እናድርግ?

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ6 እስከ 23 ወር ያለ ሕፃን ከ8 የምግብ ምድቦች ቢያንስ ከ5ቱ በየቀኑ እንዲያገኝ ይመክራሉ። እነዚህም የእናት ጡት፣ እህልና ሥራሥር፣ ጥራጥሬ፣ የወተት ተዋጽኦ፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ እንደ ካሮትና ፓፓያ ያሉ በቫይታሚን ኤ የበለጸጉ አትክልትና ፍራፍሬዎች፣ እንዲሁም ሌሎች አትክልትና ፍራፍሬዎች ናቸው። ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ጠዋት ገንፎው ወይም ቂንጬው በወተት ቢሠራና እንቁላል ቢታከልበት፣ ረፋድ ላይ ሙዝ ቢሰጥ፣ ለምሳ እንጀራ በሽሮ ከደቀቀ ጎመን ጋር ቢቀርብ፣ ማታ ምስር በካሮትና በድንች ቢሆን ምድቦቹ ይሟላሉ። ሥጋ በተገኘ ጊዜ ደቆ ይሰጠው። ወጡ በርበሬ ሳይገባበት የልጁን ቀንሶ ማስቀረት አንድ ድስት ለሁሉም ያበቃል።

ሰዓቱ ይወሰን፤ በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ ምግብ፣ በመሐል አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መክሰስ ይበቃል። በመሐሉ ውኃ እንጂ ጣፋጭ አይሰጥ። አዲስ ምግብ ከለመደው ጎን በጣት ጫፍ ያህል ይቅረብ፤ ካልበላው ያለ ቁጣ ይነሣና ከቀናት በኋላ ይመለስ። «ጎመኑን ከበላህ ከረሜላ እሰጥሃለሁ» ማለት ከረሜላውን ሽልማት፣ ጎመኑን ቅጣት ያደርገዋል። ስልክና ቴሌቪዥን በማዕድ ሰዓት ይጥፉ። ቆሎና ያልተፈጨ ኦቾሎኒ ስለሚያንቅ አይሰጥ፤ ተምርም ፍሬው ወጥቶ ይቆራረጥ። ረመዳን ሲገባ የቤቱ ማዕድ ወደ ምሽት ቢዞርም የልጁ ቁርስና ምሳ በሰዓታቸው ይቀጥሉ፤ በኢፍጧር ላይ ግን ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጥ።

የጎረቤትና የአያት ነገር ደግሞ በብልሃት ይያዝ። «እማማ፣ ምሳውን እስኪበላ ብስኩቱን ያቆዩልኝ» ብሎ በአክብሮት መለመን ቅያሜ አያመጣም።

ጤና ጣቢያ መቼ እንሂድ?

ልጁ ክብደቱ ካልጨመረ ወይም ከቀነሰ፣ ከገረጣና ከደከመ፣ አፈርና ግድግዳ መላስ ካበዛ፣ ሲውጥ ከታነቀ ወይም ተቅማጥና ትውከት ከደጋገመው ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ መለኪያ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የምግብ እጥረት አለ ማለት ነው፤ ከ11.5 በታች ከሆነ ደግሞ ከባድ ነው። በየ6 ወሩ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ፣ ከ2 ዓመት ጀምሮም የትል መድኃኒቱ አይለፈው።

እህቶቻችንና ወንድሞቻችን! ልጆቻችን አላህ (ሱ.ወ.) የሰጠን አማና ናቸው። አማናው የሚጠበቀው ሣህኑን በግድ በማስጨረስ ሳይሆን፣ ሐላልና ጤናማ የሆነውን በሰዓቱ አቅርቦ፣ አብሮ ቀርቦ፣ ቢስሚላህ ብሎ በማስጀመርና ሲጠግብ አልሐምዱሊላህ ብሎ እንዲነሣ በማስተማር ነው። አላህ ልጆቻችንን ጤነኞችና ሷሊሖች ያድርግልን። አሚን።