ከዓይን ዳር የሚመጣ አደጋ

በካይሮ ቀለበት መንገድ የሚያሽከረክር ሰው ዓይኑን ከፊቱ ካለው ተሽከርካሪ ባይነቅልም፣ በቀኙ ድንገት የሚቆመውን ማይክሮባስ፣ በግራው ሾልኮ የሚያልፈውን ሞተር ብስክሌትና መንገድ የሚያቋርጠውን እግረኛ አስቀድሞ የሚያሳውቀው የዓይኑ ዳር ነው።

ይህ የእይታ ክፍል በዚያችው ከተማ ከተመረመረ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል። በበስራ ተወልዶ በካይሮ የኖረው ኢብን አል-ሃይሠም፣ በአል-አዝሃር መስጊድ አጠገብ የዩክሊድን መጻሕፍት በእጁ እየቀዳ ይተዳደር እንደነበር ይነገርለታል። እ.ኤ.አ. ከ1011 እስከ 1021 ባለው ጊዜ እንደጻፈው በሚገመተው «ኪታብ አል-መናዚር»፣ ዓይን በቀጥታ ያነጣጠረበት ነገር ጥርት ብሎ እንደሚታይ፣ ከዚያ መሥመር በራቀ መጠን ግን እየደበዘዘ እንደሚሄድ በሙከራ አሳይቷል።

የዓይን ዳር ፊደል አያነብም፤ እንቅስቃሴን ግን ፈጥኖ ይይዛል። የሁለቱ ዓይኖች አግድም እይታ ወደ 180 ዲግሪ ሲደርስ፣ ጥርት ያለው መካከል 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ክንድ ተዘርግቶ አውራ ጣት ከሚሸፍነው ብዙም አይበልጥም። ፍጥነት ሲጨምር፣ አእምሮም በስልክ ወሬ ሲጠመድ፣ አሽከርካሪው ከዳር የሚያስተውለው ይቀንሳል። ስልኩን በጆሮ ማዳመጫ ማነጋገርም ይህን አያስቀርም።

ይበልጥ የሚያሳስበው ግላኮማ ነው። ብዙውን ጊዜ ሕመም ሳይሰማ የዳር እይታን ቀስ በቀስ ይበላል፤ ታማሚው ግን የሐኪሙን የፊደል ሰሌዳ ያለችግር ያነብባል። የአውሮፓ ኅብረት የመንጃ ፈቃድ ደንብ ከፊደል ንባብ ባሻገር ቢያንስ 120 ዲግሪ አግድም እይታ ይጠይቃል። በግላኮማ የጠፋው እይታ በሕክምና አይመለስም፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን የቀረውን በዓይን ጠብታ ማቆየት ይቻላል።