ሰማይ ለማሳየት የሚሆን ሌዘር

ለኮከብ ማሳያ የሚያገለግለው ሌዘር ጠቋሚ እስክሪብቶ የሚያህል፣ ብዙውን ጊዜ በሁለት ትናንሽ የባትሪ ድንጋዮች የሚሠራ አረንጓዴ መብራት ነው። ሰው በጣቱ ሲጠቁም ጣቱ ከኮከቡ ጋር የሚገጥመው ለራሱ ብቻ ነው፤ አጠገቡ የቆመው ሌላ ኮከብ ያያል። የሌዘሩ መስመር ግን ወደ ሰማይ ርቆ ስለሚዘልቅ ዙሪያውን ለቆሙት ሁሉ ጫፉ አንድ ኮከብ ላይ ያረፈ ይመስላል።

መስመሩ ከጎን የሚታየው በአየር ምክንያት ነው። የአየር ሞለኪውሎች፣ አቧራና እርጥበት ከብርሃኑ ጥቂቱን በየአቅጣጫው ይበትኑታል፤ ከተበተነውም የተወሰነው የተመልካቹ ዓይን ዘንድ ይደርሳል። የቀለም ምርጫ ወሳኝ የሚሆነው ለዚህ ነው። የተለመደው አረንጓዴ ሌዘር የሞገድ ርዝመት 532 ናኖሜትር ሲሆን የቀዩ ብዙ ጊዜ 650 ነው። የአየር ሞለኪውሎች አረንጓዴውን ከቀዩ ከእጥፍ በላይ ይበትኑታል። ዓይንም በቀን ብርሃን ለአረንጓዴው 8 ጊዜ ያህል ንቁ ነው፤ ጨለማ ሲለምድ ልዩነቱ እጅግ ይሰፋል። ስለዚህ ቀይ ሌዘር ግድግዳ ላይ ደማቅ ነጥብ ቢያሳርፍም ሰማይ ላይ መስመሩ እምብዛም አይለይም። 405 ናኖሜትር የሆነው ሐምራዊ ደግሞ ያታልላል፤ ዓይን በደንብ ስለማያየው ፈዛዛ ይመስላል፣ ጉዳቱ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም።

ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱት በኃይሉ ላይ ነው። ጨለማ ቦታ ላይ 5 ሚሊዋት ወይም ከዚያ ያነሰ በቂ ነው። ኃይሉ 10 እጥፍ ሲሆን መስመሩ ለዓይን 10 እጥፍ ደምቆ አይታይም፤ አደጋው ግን ያድጋል። እስከ 1 ሚሊዋት ያለው ብርሃን ድንገት ዓይን ላይ ቢያርፍ፣ በሩብ ሰከንድ ውስጥ ዓይን መጨፈኑ ይከላከላል። 5 ሚሊዋት ላይ ጥንቃቄ ግድ ነው፤ ከዚያ እጅግ ሲያልፍ ዓይን ከመጨፈኑ በፊት ሬቲና ሊጎዳ ይችላል።

መለያው ላይ የተጻፈው ቁጥርም ሁልጊዜ አይታመንም። 532 ናኖሜትር ሌዘር አረንጓዴውን በቀጥታ አያመነጭም። ውስጡ ያለው ዳዮድ 808 ናኖሜትር የሆነ፣ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ያወጣል፤ አንድ ክሪስታል ይህን ወደ 1064 ይለውጠዋል፤ ሁለተኛው ክሪስታል የሞገድ ርዝመቱን በግማሽ ያሳጥረዋል። የተረፈውን ኢንፍራሬድ የሚያስቀር ማጣሪያ ከሌለ ጨረሩ ሳይታይ አብሮ ይወጣል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ባደረገው ምርመራ፣ አንድ ርካሽ ጠቋሚ ከአረንጓዴው የበለጠ ኢንፍራሬድ ሲያወጣ ተገኝቷል። በመሆኑም ኃይሉና የሞገድ ርዝመቱ በግልጽ የተጻፈበት፣ ማጣሪያ ያለውና ቁልፉ ሲለቀቅ ወዲያው የሚጠፋ ጠቋሚ ይመረጣል።

ብርድም ይህን ዓይነቱን ሌዘር ያዳክመዋል። የዳዮዱ ብርሃን ከሙቀት ጋር ስለሚቀያየር፣ ሲቀዘቅዝ ክሪስታሉ በደንብ አይቀበለውም። እንደ እንጦጦ ባለ ከፍታ በሌሊት የደበዘዘ ጠቋሚ ኪስ ውስጥ ጥቂት ቢሞቅ ብዙ ጊዜ ያገግማል። በቀጥታ 520 ናኖሜትር አረንጓዴ የሚያመነጩ ዳዮዶች ብርዱን የተሻለ ይቋቋማሉ።

አጠቃቀሙ አጭርና የታሰበበት መሆን አለበት። ከማብራት በፊት ሰማዩ ከአውሮፕላን ነጻ መሆኑ ይታያል፤ ፎቶ የሚያነሱ ካሉ ይጠየቃሉ። ኮከቡን በመስመሩ ከመሸፈን ዙሪያውን በቀስታ መክበብ ይሻላል። በጥርና በየካቲት ምሽቶች ኦሪዮን ከኢትዮጵያ ሲታይ ወደ አናት ስለሚጠጋ ለማሳየት ይመቻል፤ ከቀበቶው ሦስት ከዋክብት ጎን የሚገኘውን ኔቡላ ለመክበብ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። የሰሜን ኮከብ ግን ከአዲስ አበባ ሲታይ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ ወደዚያ የተላከ ጨረር ኮረብታ፣ ቤት ወይም መንገደኛ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ሌዘሩ ከፍ ብለው በሚታዩት ወደ ሰሜን ኮከብ በሚመሩት በትልቁ ድብ ሁለት ከዋክብት ላይ ይቆምና ቀሪው በቃል ይነገራል።

ትልቁ አደጋ በአብራሪዎች ላይ ነው። ጨረሩ እየሰፋ ስለሚሄድ በ1 ኪሎሜትር ርቀት ወርዱ 1 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ የአውሮፕላን መስታወት ላይ ሲያርፍ ተበትኖ የአብራሪውን ዓይን ያጥበረብራል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከ13 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ክስተቶች ለፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ተመዝግበዋል። ሌዘርን በአውሮፕላን ላይ ማነጣጠር እዚያ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ሕግ እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀጣል፤ በብሪታንያም እ.ኤ.አ. የ2018ቱ ሕግ ተመሳሳይ ጣሪያ አለው። ስለዚህ በአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ጠቋሚውን ጨርሶ አለመጠቀም፣ ለሕፃናትም አለመስጠት ይገባል፤ ከዝግጅቱ በኋላ ድንጋዮቹን አውጥቶ ማስቀመጥም በስህተት እንዳይበራ ያደርጋል።