ፈተናውን ያለፈው መርዝ

እ.ኤ.አ. በ1982 በቺካጎና በአካባቢዋ ማንነቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ሰው በታይሌኖል እንክብሎች ውስጥ ሳያናይድ ጨምሮ 7 ነፍሳትን ካጠፋ ወዲህ የመድኃኒት ጠርሙሶች በማኅተም መታሸግ ስለ ጀመሩ፥ ብዙዎቻችን ማኅተሙ ያልተነካ መድኃኒት ሁሉ ንጹሕ ይመስለናል። የሔፓሪን ታሪክ ግን ይህን እምነት የሚያናውጥ ነውና ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

ሔፓሪን ደም እንዳይረጋ የሚከለክል፥ ይልቁንም ኩላሊታቸው የደከመ ሕሙማን በእጥበት ጊዜ የሚወስዱት መድኃኒት ሲሆን፥ የሚገኘው ከአሳማ አንጀት ነው፤ ጥሬ ዕቃውም በብዛት የሚሰበሰበው በቻይና፥ ከትናንሽ የገጠር ማጣሪያዎች ጭምር ነበር። በ2006 እና በ2007 በዚያ አገር የአሳማ ወረርሽኝ መንጋውን ስለ ፈጀው ጥሬ ዕቃው አነሰ፥ ዋጋውም ናረ።

ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ አንዳንድ ሕሙማን መድኃኒቱ በደማቸው በገባ በደቂቃዎች ውስጥ የደም ግፊታቸው እየወደቀ ትንፋሻቸው ያጥር ጀመር፤ ባክስተር የተባለውም ኩባንያ በጥር 2008 መድኃኒቱን ከገበያ ይሰበስብ ጀመር። ሊቃውንት በመረመሩት ጊዜ ያገኙት ባዕድ ነገር፥ ከእንስሳት ልም አጥንት ከሚወጣው ኮንድሮይቲን ተሠርቶ ከመጠን ያለፈ ሰልፌት የተጫነበት፥ በባሕርዩ ሔፓሪንን እጅግ የሚመስል፥ ዋጋው ግን በብዙ የረከሰ ቅመም ነበር። የዘመኑ ፈተና የሚጠይቀው «ይህ ነገር ደምን ከመርጋት ያዘገያልን?» ብቻ ስለ ነበር፥ ቅመሙም ያዘገይ ስለ ነበር፥ ያለ አንዳች ጥርጣሬ አለፈ። ቅመሙን የጨመረው ሰው ዓላማ ትርፍ እንጂ ግድያ ላይሆን ይችላል፤ የመርማሪውን ጥያቄ ጠንቅቆ አውቆ ለዚያ ጥያቄ ብቻ መልስ ያዘጋጀ እጅ ግን፥ በእኔ ኅሊና ዘንድ፥ መርዝ ከሚበትን እጅ አይለይም።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ዕቃውን የላከውን የቻይና ፋብሪካ፥ በስም መመሳሰል ከሌላ ፋብሪካ ጋር ስላደባለቀው፥ ሄዶ ሳያየው ፈቃድ ሰጥቶት ነበር። ባዕዱ ቅመም በ11 አገሮች ተገኘ፤ በአሜሪካ ብቻ 81 ሞት ከዚሁ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም ተባለ።

ከዚያ ወዲህ የፈተናው ሥርዓት ታድሶ፥ የመድኃኒቱ ሥራ ብቻ ሳይሆን በውስጡ የተሰወረው ሁሉ በማግኔት ኃይል በሚሠሩ ረቂቅ መሣሪያዎች ይመረመራል። ይሁን እንጂ እኔን አብልጦ የሚያሳስበኝ መድኃኒቱ የሚቀዳበት ምንጭ ጠባብ ሆኖ መቅረቱ ነውና፥ ያው ባለሥልጣን ሔፓሪን እንደ ቀድሞው ከከብትም እንዲመረት ኩባንያዎችን ማበረታታቱን ከልቤ እደግፋለሁ።