ስለ ዳማ ከሴና ስለ ምች

ዳማ ከሴ በዱር ራሱ ይበቅላል፤ በወልቂጤና በቡታጅራ አገርም በአጥር ሥርና በእንሰቱ ጓሮ ተተክሎ ማየት የተለመደ ነው። የበሶ ብላ ዘመድ ነው፤ ሽታው ግን ይበረታል።

ሰው እሳት ዳር ውሎ ወይም ላብ አጥልቆት ሳለ ፀሐይ ቢያገኘው ምች መታው ይባላል። ራሱን ያመዋል፤ ትኵሳት ይይዘዋል፤ ከንፈሩ ይቈስላል። ያን ጊዜ እናት ወይም አያት ለጋውን ቅጠል ቀጥፋ በመዳፍዋ አሽታ ታሸትተዋለች፤ በጭማቂው ገላውን ታሸዋለች፤ ለዐዋቂም ጥቂት ጠብታ በቡና ጨምራ ታጠጣዋለች። የከንፈሩን ቍስል የሚያመጣው በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ቫይረስ መሆኑን ሐኪሞች ያስረዳሉ፤ ነገር ግን የሚቀሰቅሰው ፀሐይና ትኵሳት ስለሆነ የአያቶቻችን አስተያየት ከንቱ አልነበረም።

ቅጠሉም ከንቱ አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2003 በታተመ ምርመራ የቅጠሉ ጭማቂ የአይጦችን ትኵሳት እንዳበረደ ታውቋል። ለሰው የሚበቃው መጠን ግን በሐኪም ሚዛን ተለክቶ አልተወሰነም።

እኛን የሚያሳስበን ይኸው ማብረዱ ነው። ከወልቂጤ ወደ ጂማ የሚሄደው መንገድ የሚወርድበት የጊቤ ሸለቆ የወባ አገር ነው፤ በቡታጅራ አካባቢም ወባ በቈላው ብቻ አይወሰንም። ከመስከረም እስከ ኅዳር ንዳዱ ይበረታል። የወባ ትኵሳት ደግሞ ጠባዩ መመላለስ ነው፤ ስለዚህ ሕፃኑ ዳማ ከሴ ተቀብቶ ማታ ቢበርድለት ቤተ ሰቡ «ምቹ ለቀቀው» ብሎ ይተኛል። ብርቱው የወባ ዓይነት ግን ሕክምና ካላገኘ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊጸናና ሊገድል ይችላል።

እንግዲህ ቅጠሉን ከጓሮ ንቀሉት አንልም። ትኵሳት የያዘው ልጅ አስቀድሞ ወደ ጤና ኬላ ይወሰድ፤ ከጣቱ ጥቂት ደም ተወስዶ ወባ መኖሩና አለመኖሩ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይታወቃል። አንገቱ የደረቀ፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም ጡት አልጠባ ያለ ሕፃን ቢሆን ቅጠል ሲታሽ መቈየት የለበትም። ጭማቂውን በሕፃን አፍንጫ ማንጠብጠብ ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል ክፉ ልማድ ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴትም ሐኪም ሳትጠይቅ አትጠጣው።

ወደ ሕክምና የሚሄድ ሰው ዳማ ከሴ መውሰዱን አይደብቅ፤ ብዙዎች አፍረው ዝም ይላሉ። መርማሪው ትኵሳቱ ለምን ዝቅ እንዳለ የሚያውቀው ሲነገረው ነው።