ያውቁ ኖሯል? ሉዊ ሬኖና ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች

(ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

• ሉዊ ሬኖ የመጀመሪያ መኪናውን የሠራው በ1898፣ በ21 ዓመቱ ነው። ፋብሪካ አልነበረውም፤ የሠራባት ቦታ ከፓሪስ ጥግ ባለችው ቢያንኩር፣ በወላጆቹ ግቢ የነበረች ትንሽ ጎጆ ናት። በዚያው ዓመት የገና ዋዜማ በመኪናዋ የሞንማርትርን ዳገት ሲወጣ ያዩት ሰዎች፣ በአንድ ምሽት 12 መኪና አዘዙት።

• በመስከረም 1914 ጀርመኖች ፓሪስ ደጃፍ ሲደርሱ፣ ጄኔራል ጋሊዬኒ የከተማዋን ታክሲዎች ለዘመቻ ጠራ። 600 ያህል ታክሲዎች በኤንቫሊድ ሜዳ ተሰለፉ፤ አብዛኞቹ የሬኖ ሥራ ነበሩ። አራት ወታደር ከኋላ፣ አንድ ከሾፌሩ ጎን ጭነው በሌሊት ወደ ማርን ግንባር ገሰገሱ።

• ሾፌሮቹ እንደ ደንቡ ቆጣሪያቸውን ከፍተው ነበር የሄዱት! መንግሥትም ከ70,000 ፍራንክ በላይ ሒሳብ ከፍሏል።

• እውነቱን ለመናገር ጦሩን በብዛት ያጓጓዘው ባቡር ነው። የከተማ ታክሲ ወታደር ጭኖ ሲዘምት ያየ ሕዝብ ግን ልቡ ሞላ። ይህም ቀላል ውለታ አይደለም።

• ሬኖ ኤፍ ቲ የተባለው ታንክ በ1918 ወደ ውጊያ ገባ። ክብደቱ 6.5 ቶን ገደማ ሲሆን የሚይዘው ሁለት ሰው ብቻ ነው። ሾፌሩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ፣ መሣሪያው ደግሞ ዙሪያውን በሚሽከረከር ጉልላት ላይ። የዛሬዎቹ ታንኮች አብዛኞቹ ይህንኑ አቀማመጥ ይከተላሉ።

• በ1940 ፈረንሳይ ስትወድቅ የሬኖ የቢያንኩር ፋብሪካ በጀርመን ኃላፊዎች እጅ ገባ፤ ለወራሪው ጦር የጭነት መኪና ይሠራ ጀመር። በመጋቢት 1942 የእንግሊዝ አየር ኃይል በሌሊት ደበደበው። በአካባቢው የሚኖሩ ከ300 በላይ ሰላማዊ ፈረንሳውያን አለቁ።

• ፓሪስ ነፃ በወጣች ማግስት፣ በመስከረም 1944፣ ሬኖ ከጠላት ጋር በመተባበር ተከሶ ታሰረ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ጥቅምት 24 ቀን ሞተ።

• በጥር 1945 መንግሥት ፋብሪካውን ወረሰ። ሆኖም ባለቤቱን የከሰሰው መንግሥት የባለቤቱን ስም ከፋብሪካው አልፋቀም።

• የማርን ታክሲና የወራሪው ካሚዮን ከአንድ ሰው ፋብሪካ ወጡ። በመጀመሪያው ጦርነት አገር አመሰገነው፤ በሁለተኛው አገር አሰረው። ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ግን አንድም ዳኛ ሳይፈርድበት ቀረ።